በሐጃ ስም የሚመታ ልብ

ሚያዝያ 26፣ ረቡዕ

የዒዱ እንግዳ ዛሬ አለቀ። ሳህን ሳጥብ ዋልኩ፣ እግሬ ቆሞ መሄድ አቅቶታል። ግን ይህን ሳልጽፍ አልተኛም። እንዲህ ያለ ጉድ ለማን ይወራል?

ከዶሃ ስጦታ መጣ። የሐጃ ሲተና ልጅ ኢጅላል ናት የላከችው። ጥቁር ሰዓት ነው፣ ቀለል ያለ። ሰዓት ይባል እንጂ ሥራው ሌላ ነው። የልብ ምት ይቆጥራል፣ እንቅልፍ ይለካል፣ የሄዱበትን ሁሉ ያውቃል። የራሱ ሲም ካርድ አለው። ሐጃ እዚህ ካርቱም፣ አርካዊት ሰፈር ተቀምጠው ልባቸው ምን እንደሚል ኢጅላል እዚያ ሆና ስልኳ ላይ ታየዋለች። በቪዲዮ ደውላ አስረዳችን። ሐጃ እሺ እሺ እያሉ አጠለቁት፣ "አላህ ይባርክሽ ልጄ" አሏት። ስልኩ ሲዘጋ ፈትተው አልጋው ላይ ወረወሩት።

"ባሌ፣ አላህ ይማረውና፣ ያን ያህል ዘመን አብሮኝ ሲኖር ተነሺ ተቀመጪ ብሎኝ አያውቅም። አሁን የእጅ ጌጥ ሊያዘኝ ነው? ያ ናስራ፣ ያላ፣ እጅሽን አምጪ።"

"የኔ እጅ ምን ያደርግልዎታል?"

"እሷ የምትፈልገው የሚመታ ልብ ነው። የአንቺም ይመታል።"

እምቢ አልኩ። ወላሂ ሁለቴ እምቢ ብያለሁ፣ ይጻፍልኝ። ሐጃ ግን አንዴ ከያዙ አይለቁም። "እስክትረሳው ድረስ ነው" አሉኝ። አሁን ይሄው እጄ ላይ ነው፣ ከሥሩ አረንጓዴ መብራት ብልጭ ይላል። እዚህ ቤት ማብሰልና ማጠብ ከጀመርኩ ዓመታት አለፉ፣ ልብ አለሽ ወይ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ግን አልነበረም።

ሚያዝያ 29፣ ቅዳሜ

ኢጅላል በደስታ ልትፈነዳ ነው። "ዩማ፣ እናቴ፣ ማሻአላህ፣ ቀኑን ሙሉ ስትንቀሳቀሺ ነበር እኮ!" ትላለች። ሐጃ የገመድ አልጋቸው፣ ዐንግሬባቸው ላይ ጋደም ብለው፣ ትራሳቸውን ደገፍ አድርገው፣ "አልሃምዱሊላህ፣ ጉልበቴ ተመለሰ" ይሏታል። እኔ ወለል እየወለወልኩ ሳቄን መዋጥ አቃተኝ። ወጥቼ ጓሮ ሳቅሁ።

ግንቦት 4፣ ሐሙስ

መብራት ከጠፋ ሰነበተ። ማራገቢያው ቆሟል። ሐጃ ቶባቸውን ተከናንበው "ነፋስ ገባብኝ" ይላሉ፣ እኔ ከራሴ እስከ እግሬ ላብ ነኝ። ካርቱም ነዋ! ግንቦት ነዋ! ምን ይደንቃል?

ሌላ ብርጭቆ ሰበርኩ። ሳሙናው ነው።

ኢጅላል ደወለች፣ ድምጿ ሌላ ነው። "ዩማ፣ ተኝተሽ እያለ ልብሽ ለምን ይሮጣል? ሌሊቱን ሙሉ ደረጃ እንደሚወጣ ሰው ሲሮጥ አደረ።"

ሐጃ ወደኔ አዩ። እኔ ወደ ምድጃው ዞርኩ።

"ሕልም አይቼ ነው" አሏት።

ርካሽ ዕቃ ነው ይሄ ሰዓት። ያልሆነውን ሁሉ ይዋሻል። እኔ ጤነኛ ነኝ። እንደውም ከመቼውም በላይ እበላለሁ፣ የሐጃን ትርፍ ኪስራ እንጀራ ሳይቀር እጠርጋለሁ። ልብሴ ሁሉ የሰፋኝ ከሥራ ብዛት ነው። የጠበበችኝ አንገቴ ላይ የማዞራት ሻሽ፣ ጣርሓዬ ብቻ ናት፣ እሷም ታጥባ ታጥባ ተሸማቃ ነው።

ግንቦት 6፣ ቅዳሜ

ትናንት ጉድ ፈላ። አሁንም ሳስበው እጄ ይንቀጠቀጣል።

ዓርብ ዕረፍቴ ነው። ባለፈው ሳምንት ሰዓቱን ፈትቼ ከሐጃ ትራስ ሥር ትቼው ነበር የወጣሁት። ትናንት ረሳሁት። ረሳሁት በቃ! ካላክላ ወርጄ ከአገሬ ልጅ ከፋጤ ጋር ገበያውን ስንዞር፣ ባሚያ ስንመርጥ፣ ስንስቅ፣ ሰዓቱ እጄ ላይ ነው።

ዶሃ ያለችው ሴትዮ ምን ታያለች? ከበር ወጥታ የማታውቅ እናቷ በጠራራ ፀሐይ ካላክላ ገበያ መሃል ቆማ ልቧ ድው ድው ይላል። ቤት ትደውላለች፣ ሐጃ ከጁምዓ በኋላ ተኝተዋል፣ አያነሱም። የሐጃን የወንድም ልጅ ሓቲምን በመኪና ሰደደችው።

በሓፍላ፣ በአውቶብሱ ልመለስ መስኮት አጠገብ ተቀምጬ ሳየው ሓቲም መንገድ ለመንገድ "ነጭ ቶብ የለበሰች አሮጊት ያያችሁ!" እያለ ይጮሃል። ካላክላ ነጭ ቶብ ያልለበሰች አሮጊት የት አለችና? አንድ ሰው አንዷን ያሳየዋል፣ ሮጦ ፊቷን ያያል፣ ይቅርታ ይላል፣ ሌላዋ ትሰድበዋለች። መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ከዚያ እጄን አየሁ። ያረቢ! ፈትቼ ደረቴ ውስጥ ወሸቅሁት።

ሓቲም ፍለጋውን ሳይተው ቀድሜው ቤት ደረስኩ። ለሐጃ ነገርኳቸው። ተነስተው ፊታቸውን ታጠቡ። ሓቲም በላብ ተነክሮ ሲገባ ሐጃ ስኳር የበዛበት ሻያቸውን እየጠጡ ነው።

"አክስቴ፣ ካላክላ ሄደሽ ነበር?"

"ሄጄ ነበር። በረክሻ ሄጄ በረክሻ መጣሁ። ባሚያ አማረኝ። የታሰርኩ መሰለህ?"

አፌን ከፈትኩ። ሐጃ በዓይናቸው ዘጉት። ሓቲም እኔን አየኝ፣ እጄ ላይ ባሚያውን አየ፣ ራሱን ነቀነቀ።

ለኔ ብለው ነው የዋሹት። ያኔ መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም።

ግንቦት 9፣ ማክሰኞ

ቸኩያለሁ። ሓቲም ሐኪም ይዞ መጣ። ሐጃን ገልብጦ መርምሮ "ልባቸው እንደ ወጣት ነው" አለ። ኢጅላል በስልክ፦ "እሱ ለጥቂት ደቂቃ ነው ያያት። እኔ ቀንም ሌሊትም አያታለሁ። ልቧ ታሟል፣ አሁን ደግሞ መንገድ እየጠፋባት ነው።" ዶሃ ልትወስዳቸው ነው። ቤቱ ይዘጋል። ራሷ መጥታ ትወስዳቸዋለች።

ሐጃ ማታ እራት አልበሉም። ግቢው ውስጥ ባላቸው የተከሉት የኒም ዛፍ አለ፣ ከሥሩ ወንበር አስወጥተው ተቀመጡ። "እዚያ ፎቅ ላይ ነው የምትኖረው" አሉኝ። "ከፎቅ ላይ ሬሳ በአሳንሰር ነው የሚወርደው።" 

ግንቦት 12፣ ዓርብ

ከፋጤ ጋር ተጣላሁ።

ሰዓቱን ዛሬ ቤት ትቼው ነው የሄድኩት። ፋጤ ነገሩን ሁሉ ስትሰማ ትስቃለች ብዬ ነበር። አልሳቀችም። ተነስታ ጣርሓዬን ፈታችው።

"ናስራ፣ ይሄ እንቅርት ባለፈው ዓመት በዒድ አረፋ እንዲህ ነበር?"

"ከልጅነቴ የነበረ ነው። ያገራችን ሴት ሁሉ አለባት። እናቴ እንዲጠፋ ብላ አንገቴን ዙሪያውን አስነቅሳኛለች፣ ታውቂያለሽ።"

"ንቅሳቱማ ተለጥጦ እያየሁት ነው። እጅሽን ዘርጊ እስቲ።"

ዘረጋሁ። ተንቀጠቀጠ። መልሼ ሰበሰብሁት። "ሐኪም ቤት ሂጂ" አለችኝ። እኔ ሐኪም ቤት? ያገራችንን ልጅ የኔነሽን ረስታለች እንዴ! የኔነሽ ስታስል አሠሪዎቿ አስመረመሯት፣ ደረቷ ታሟል ሲባል በዚያው ቀን ሻንጣዋን በር ላይ አገኘችው። ኢቃማዋ፣ የመኖሪያ ፈቃዷም በነሱ ስም ነበር፣ ከቤት ስትወጣ ወረቀትም ሰውም አጣች። የታመመች ሸጋላ፣ የታመመች የቤት ሠራተኛ ማን ቤት ትኖራለች? እኔን ማንም በር ላይ አያስቀምጠኝም። ስሄድ በራሴ እግር ነው የምሄደው።

ይህንን ጮክ ብዬ ነገርኳት። "ቁጡ ሆነሻል" አለች። ቁጡ አይደለሁም! ሰው ሲነዘንዘኝ ነው። በሩን በኃይል ዘጋሁት መሰለኝ፣ ጎረቤቶቿ ወጥተው አዩኝ።

ግንቦት 15፣ ሰኞ

መላ ያልኩት መላ ገደል ገባ።

ሐጃን ለመንኳቸው፦ "አንድ ቀን እርስዎ ያጥልቁት። ልብዎ ደህና ነው፣ ሰዓቱ ራሱ ይመስክርልዎ፣ ሲት ኢጅላልም ይበርድላታል።" አጉረመረሙ፣ ተሳደቡ፣ አጠለቁት። ቀኑን ሙሉ እንደ ልማዳቸው ዐንግሬባቸው ላይ ዋሉ፣ አንድ ሁለቴ ለውዱእ ተነሱ።

ከመግሪብ በፊት ስልኩ ጮኸ። ኢጅላል እያለቀሰች ነው። "ዩማ ምን ሆነች? ትናንት ስትሮጥ የነበረች ሴት ዛሬ አልተንቀሳቀሰችም! ልቧ በአንድ ጊዜ ወረደ፣ በግማሽ ወረደ! እየሞተችብኝ ነው!" ትኬቷን ወደዚህ ሳምንት አምጥታዋለች።

ሐጃ ፈትተው መለሱልኝ። መልሼ አጠለቅሁት፣ ሌላ ምን ላድርግ፣ በሐጃ ስም መሮጥ የጀመረው ልብ ቢጠፋ ደግሞ ሓቲም በር ሰብሮ ይገባል።

አንድ ነገር ግን ገብቶኛል፣ ልጽፈው አልፈለግሁም ነበር። ሰዓቱ ሐጃ እጅ ላይ ልክ ነበር። ሐኪሙ ያለውን ነው ያለው። ዛሬ ሰዓቱን አልሰደብኩትም።

ግንቦት 20፣ ቅዳሜ

ኢጅላል ገባች። በር ላይ እናቷን አቅፋ ስታለቅስ እኔም ዕንባዬ መጣ፣ ዋሽቼ ምን አደርጋለሁ። ክፉ ሴት አይደለችም። ዓይኗ ሥር ጠቁሯል።

ሦስት ሻንጣ ይዛ መጥታለች፣ ሁለቱ ባዶ ናቸው። ሐጃ ባዶዎቹን ሻንጣዎች አዩና ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

ሻይ ይዤ ስገባ ለሓቲም ስትነግረው ሰማሁ፦ "ሸጋላዋን ወደ አገሯ መልሷት። ወይም ሌላ ቤት ፈልጉላት። ከስታለች፣ ትንቀጠቀጣለች፣ ማን እንደሚወስዳት አላውቅም።" ሻዩን አስቀምጬ ወጣሁ። ትንሽ ፈሰሰ። ለመጥረግ አልተመለስኩም።

ሰዓቱ ከረጅም እጅጌዬ ሥር ነው። እናቷ እጅ ላይ ስላላየችው ጠየቀች። ሐጃ "ለውዱእ ፈትቼው ነው" አሏት። አመነቻቸው።

ግንቦት 23፣ ማክሰኞ

ተናገርኩ። ከመጀመሪያው ልጻፈው።

ጠዋት ኢጅላል የሐጃን ቶቦች እያጠፈች ሻንጣ ውስጥ ትከታለች። ሐጃ ዐንግሬባቸው ላይ ተቀምጠው መስበሃቸውን ይቆጥራሉ። እኔ በር ላይ ጎንበስ ብዬ በሳፋ አጥባለሁ። ስልኳ ጮኸ። ሰው አይደለም የደወለው፣ ሰዓቱ ነው። ልብ ከልክ በላይ ሮጧል ሲል እንደዚያ ይጮሃል። ስልኩን አየች፣ እናቷን አየች። ሐጃ መስበሃቸውን ይገፋሉ፣ ፊታቸው እንደረጋ ውሃ ነው። ሄዳ የእናቷን እጅ ያዘችና ጣቷን አሳርፋ ጠበቀች። ስልኩ አሁንም ይጮሃል።

"ዩማ፣ ሰዓቱ የት ነው?"

ሐጃ ቀና አሉ። ሌላ ውሸት እያዘጋጁ እንደሆነ አወቅሁ። እኒህ ሴትዮ ለኔ ብለው ቤታቸውንም፣ ኒሙንም፣ የባላቸውን መቃብርም ሊለቁ ነው፣ እኔ ደግሞ አጎንብሼ ሳሙና አሻለሁ። ራሴን ጠላሁት። ተነሳሁ፣ እጄ ውሃ እያንጠባጠበ እጅጌዬን ሰበሰብሁና ሰዓቱን ፈትቼ ከነአረፋው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁት።

"የሚሮጠው ልብ የኔ ነው" አልኩ። "ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የኔ ነበር። ካላክላም የሄድኩት እኔ ነኝ። ሐጃ ጤነኛ ናቸው፣ አእምሯቸውም ከኔና ከእርስዎ ይበልጣል። ልብሳቸውን ከሻንጣው ያውጡት።"

የመጣባትን ሁሉ ለቀቀችው። ዋሾ አለችኝ፣ ሌባ አለችኝ። "ሌሊት ሌሊት ይሄን ስልክ ታቅፌ ቁጭ ብዬ አደርኩ! አልተኛሁም! ታውቂያለሽ?"

"እኔም አልተኛሁም" አልኳት። "ሰዓቱ አልነገረዎትም?"

ከየት እንደወጣ አላውቅም። ወጣ።  እኔ አንዴ ስለጀመርኩ አላቆምኩም፣ ጣርሓዬን ፈታሁት፣ አንገቴን ከነንቅሳቱ አሳየኋት። "ታምሜያለሁ። አዎ ታምሜያለሁ! ሌላ ቤት አይፈልጉልኝ፣ ሻንጣዬን ራሴ አወጣለሁ። ሐጃ ግን ከዚህ ቤት አይወጡም።"

ታምሜያለሁ ብዬ ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ።

ኢጅላል ጠረጴዛው ላይ ያለውን ስልክ አንስታ አየችው። ድምጿ ወረደ። "ለዚህ ልብ ነው ዱዓ ሳደርግ የከረምኩት" አለች። ተናዳ ነው ያለችው፣ ግን ታለቅስ ነበር።

ሐጃ መስበሃቸውን አስቀመጡ። "እና ምን አለበት? ዱዓሽ መሬት አልወደቀም። ባለቤቷ ጋ ደርሷል።" ጫማቸውን በእግራቸው ፈለጉ። "ሓቲምን ጥሪልኝ። መኪና ያምጣ። ሐኪም ቤት ነው የምንሄደው፣ ያቺ ልጅ መሃል ትቀመጥ።"

"ሻንጣዬን ላውጣ" አልኩ፣ ግትር ስለሆንኩ።

"አንቺ ዝም በይ! ይሄ ቤት የማን ነው? የልጄ ነው? የአንቺ ነው? የኔ ነው። ማን እንደሚወጣ የምናገረው እኔ ነኝ። ኸላስ።"

ግንቦት 25፣ ሐሙስ

ማክሰኞ ሐኪም ቤት ደም ወሰዱልኝ። ኢጅላል በመኪናው ውስጥ አላናገረችኝም። ሐኪሙ ከመቼ ጀምሮ ነው ልቧ የሚሮጠው ሲል ግን እኔ ሳልመልስ ስልኳን አውጥታ አሳየችው፣ ሌሊቱንም ቀኑንም፣ ሁሉን። ሐኪሙ ረጅም ጊዜ አየው። "ጥሩ አድርጋችሁ ተከታትላችኋታል" አለን። ሐጃ፣ ኢጅላልና እኔ ግን አልተያየንም።

ሰኔ 3፣ ዓርብ

እንቅርቱ ነው። ደሜ ውስጥ ከልክ ያለፈ ነገር እየረጨ ልቤን ሲያስሮጠው ከርሟል። እጄን ያንቀጠቀጠውም እሱ ነው፣ ያላበኝም እሱ፣ ያከሳኝም እሱ። ክኒን ይዣለሁ። ምናልባት በኋላ ይቀደድ ይሆናል አለ ሐኪሙ። ይቀደድ! በነቀሱኝ ላይ አንድ መስመር ቢጨመር ምን አለበት?

ፋጤ ዘንድ ሄጄ ነገርኳት። ይቅርታ ልላት ነበር የሄድኩት፣ ከመጀመሬ በፊት "ብርጭቆ አንሺልኝ፣ እንዳትሰብሪ" ብላ አሳቀችኝ።

ኢጅላል ትናንት ሄደች። ብቻዋን። ሁለቱ ሻንጣዎች ባዶ መጥተው ባዶ ተመለሱ። ስትወጣ አልተሰናበተችኝም። ሰዓቱን አውልቄ ሻንጣዋ ላይ አድርጌላት ነበር። በኋላ ወጥ ቤት ስገባ ከክኒኔ አጠገብ ተቀምጦ አገኘሁት።

አጠለቅሁት። ማንም አላለኝም። ክኒኑ እየሠራ መሆኑን ማየት ስለፈለግሁ ነው።

ሰኔ 22፣ ረቡዕ

ዝናብ ሸተተ። እጄ ክር በመርፌ አስገባ፣ በመጀመሪያው ሙከራ።

ከሰዓት በኋላ ስልክ ጮኸ። ሐጃ አነሱት፣ ሰሙ፣ ቅር እንዳላቸው እያስታወቁ ሰጡኝ። "ለአንቺ ነው። ልጄ እኔን ትታ አንቺን መጠየቅ ጀመረች።"

"ናስራ" አለች ኢጅላል። ስሜን ስትጠራ ሰምቼ አላውቅም። "ትናንት ሌሊት ልብሽ ረጋ ብሎ ነው ያደረው። ተኝተሻል።"

"ተኝቻለሁ።"

"ክኒኑን ግን ጠዋት አርፍደሽ ነው መሰለኝ የዋጥሽው፣ ረፋድ ላይ ትንሽ ከፍ ብሎ ነበር።"

ደግነት ነው። ደግነት እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ረፋድ ላይ የት እንደነበርኩ እኔ አውቃለሁ። ጓሮ ለብቻዬ ቁጭ ብዬ እናቴን አስቤ አልቅሼ ነበር። እሱን ለማንም አልነገርኩም፣ የነገረብኝ ሰዓቱ ነው።

"ሲት ኢጅላል" አልኳት፣ "ስላሳከሙኝ አላህ ይስጥልኝ። ሰዓቱንም እወደዋለሁ። አሁን ግን ልቤን ከስልክዎ ላይ ያጥፉልኝ። በኔ ስልክ ይሁን። እኔ አየዋለሁ።"

የተቀየመች መሰለኝ። ቀስ ብላ፣ "እና እናቴ ደህና መሆኗን በምን ልወቅ?" አለችኝ።

"ደውለው ይጠይቋቸው።"

ስልኩን ለሐጃ መልሼ ሰጠሁ። መጀመሪያ ሁለቱም ያለ ሰዓቱ ማውራት የጠፋባቸው ይመስል ነበር። ከዚያ ሐጃ "ኒሙ አበበ" ሲሉ ሰማሁ፣ ከዚያ ሳቁ፣ ከዚያ ስለ ኢጅላል አባት አንድ ወሬ ጀመሩ። ምን ያህል እንዳወሩ አላውቅም፣ እንዴት እንዳለቀም አልሰማሁም። ተኝቼ ነበር።